የማይቆመው ማራገቢያ፦ የቤት ውስጥ የሙቀት ፓምፕና የትእዛዝ ታሪክ

(በፋካልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



 የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ከታሪክ ጉባኤ ይልቅ ለጥገና ሱቅ የሚስማማ ሊመስላችሁ ይችላል። የታሪክ ሰው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፣ ስለ ንግድና ስለ ሃይማኖት ቢናገር ማንም አይደነቅም። ስለ አንድ ማራገቢያ ሲናገር ግን “ምን ነካው?” መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረኝ አስቀድሜ ላውጋችሁ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በአካባቢው እንዳሉ ብዙ ቤቶች ሁሉ የእርሷም ቤት በብርዱ ወራት የሚሞቀው፣ በሙቀቱም ወራት የሚቀዘቅዘው በአንድ መሣሪያ ነው፤ ስሙ የሙቀት ፓምፕ ይባላል። በአንድ የጥር ሌሊት ደውላ “ወንድሜ፣ ይህ ነገር አልቆም አለኝ” አለችኝ። ቤቱ ሞቋል፤ በግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታትም የፈለገችውን ሙቀት ያሳያል። ሆኖም በጓዳው ውስጥ ያለው ማራገቢያ ሌት ተቀን መንፈሱን አላቋረጠም። “እትዬ፣ ባለሙያ አስጠሪ” አልኋት። አስጠራች። ባለሙያው ሞተሩ አርጅቷል ብሎ አዲስ ሞተር ገጠመላት፤ ብዙ ገንዘብም አስከፈላት። አዲሱ ሞተርም እንደ አሮጌው ሌሊቱን ሲነፍስ አደረ።

ከሳምንት በኋላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን ክዳኑን ከፍተው ጥቂት ተመለከቱና “ልጄ፣ ይህ ሞተር አልታመመም። ሁሉ ሰው የሚመኘው ዓይነት ታዛዥ ነው። ዝም በል የሚለው ነው የጠፋው” አሏት። ጥፋቱ የተገኘው ዋጋዋ ከአንድ ምሳ በማትበልጥ ትንሽ ዕቃ ላይ ነበር።

የእኒያ ሽማግሌ ንግግር ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት። ሳያቋርጥ የሚሽከረከር ሞተር በእርግጥ አልተበላሸም፤ መሽከርከሩ ራሱ የጤንነቱ ምስክር ነው። ስለዚህ “ምን ተበላሸ?” ብሎ መነሣት የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ “ማን አዘዘው?” የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ከታሪክ ሙያ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምሻው፣ በቤት ማሞቂያ ታሪክ ውስጥ በሰውና በማራገቢያው መካከል ብዙ አዛዦች እንዴት እንደ ገቡ፣ እነርሱም ሲገቡ ለባለቤቱ ምን እንዳሳጡት ነው።

ዐይን፣ ልብና እጅ

በቡና ሥርዓታችን ላይ ከሰል የምታራግብ እናትን አስቡ። በእጇ የሰሌን ማራገቢያ ይዛለች። ፍሙ ሲደበዝዝ ዐይኗ ያያል፤ ልቧ ማራገብ እንደሚገባ ይወስናል፤ እጇም ያራግባል። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ደግሞ ታያለች፤ ይበቃል ትላለች፤ እጇም ያርፋል። ማየት፣ መወሰንና መሥራት፣ ሦስቱም በአንድ ሰው አካል ውስጥ ተዋሕደው ይኖራሉ። ይህ ማራገቢያ አልቆም ሊል አይችልም፤ ቢልም የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ያለፉት 140 ዓመታት የቤት ማሞቂያ ታሪክ እነዚህን ሦስቱን የመለያየት ታሪክ ነው። ማየት ለቴርሞስታት፣ መወሰን ለመቆጣጠሪያ ቦርድ፣ መሥራት ለሞተር ተሰጠ፤ በመካከላቸውም ሽቦ ተዘረጋ። መለያየቱ ትልቅ ምቾት አምጥቷል፤ እኔም የማራክሰው አይደለሁም። በሌሊት ተነሥቶ ምድጃ የሚቆሰቁስ ሰው እንዳይኖር ያደረገው እርሱ ነው። ነገር ግን ትእዛዝ ከታዛዡ በራቀ ቁጥር የጠፋ ትእዛዝን ፈልጎ ማግኘትም ያንኑ ያህል እየከበደ ሄደ።

ሙቀትን ሽቅብ መቅዳት

ወደ ትእዛዙ ከመግባቴ በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ በአገራችን የሙቀት ፓምፕ በቤት ውስጥ የተለመደ አይደለምና። ሆኖም ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ በቤቱ የሙቀት ፓምፕ አለው ማለት ይቻላል። የፍሪጁን ጀርባ በእጃችሁ ብትነኩት ይሞቃል። ያ ሙቀት በከፊል ከውስጥ ካለው ምግብ ተቀድቶ የወጣ ነው። ውሃ በራሱ ወደ ቁልቁለት እንደሚፈስ ሙቀትም በራሱ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ሽቅብ ለመውሰድ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በቱቦ ውስጥ የሚዞር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግፊቱ ዝቅ ሲል በዝቅተኛ ሙቀት ተንኖ ከውጭው አየር ሙቀት ይጠጣል። ኮምፕሬሰሩ ትነቱን ሲጨምቀው ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ በቤት ውስጥ ባለው ጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍም ተመልሶ ፈሳሽ እየሆነ የጠጣውን ሙቀት ይለቃል። ውሃ በሚረጋበት ብርድ ውስጥ ያለ አየር እንኳ ከፍጹም ዜሮ በላይ 273 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን ሊቀዳ የሚችል ሙቀት አለው። በመጠነኛ ብርድ ጊዜ ለአንድ እጅ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሁለት እስከ አራት እጅ ሙቀት ማግኘት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ብርዱ በበረታ ቁጥር ግን ትርፉ ይቀንሳል።

የሐሳቡ ሥር ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 ስለ እሳት አንቀሳቃሽ ኃይል ካሳተመው መጽሐፍ ይጀምራል። በ1834 ጄኮብ ፐርኪንስ በለንደን በትነትና በጭመቃ የሚሠራ የማቀዝቀዣ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1852 ደግሞ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን፣ ሕንጻዎችን በአየር ፍሰት ስለ ማሞቅና ስለ ማቀዝቀዝ ጽሑፍ አቀረበ። የሙቀት ፓምፕ የሚባለውን ሐሳብ ለሕንጻ ማሞቂያ በግልጽ ያዋለው እርሱ ነው። “በአየር ፍሰት” የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ማሞቂያውና ነፋሱ ገና ከውጥኑ አብረው ነበሩ።

ከሐሳብ ወደ ሥራ የተሻገረው በሌላ መስክ ነው። ኦስትሪያዊው ፒተር ፎን ሪቲንገር በ1850ዎቹ አጋማሽ በኤበንዜ የጨው ፋብሪካ ትነትን እየጨመቀ ጨዋማ ውሃ የሚያተን መሣሪያ ሠራ፤ ዓላማው ማገዶ መቆጠብ ነበር። ለመኖሪያ ቤት ሲሆን ግን ከ70 ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነ። ብሪታንያዊው መሐንዲስ ሃልዴን በገዛ ቤቱ ያደረገውን ሙከራ በ1930 ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። በ1938 የዙሪክ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ከሊማት ወንዝ ሙቀት እየቀዳ መሞቅ ጀመረ። ስዊዘርላንድ ይህ ነው የሚባል የድንጋይ ከሰል ሀብት አልነበራትም፤ ጦርነት ደግሞ እየተቃረበ ነበር። የሙቀት ፓምፕ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማገዶ እጦት ታሪክ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ስለ ሮበርት ዌበር የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1940ዎቹ በኢንዲያናፖሊስ ይኖር የነበረው ይህ ሰው የጥልቅ ማቀዝቀዣ ሳጥኑን ሲመረምር መውጫ ቱቦው እጁን አቃጠለው ይባላል። ያ ሙቀት በከንቱ ከሚጠፋ ብሎ መጀመሪያ ውሃ አሞቀበት፤ የተረፈውንም ሙቅ ውሃ በጠመዝማዛ ቱቦ አዙሮ በትንሽ ማራገቢያ ወደ ቤቱ እንዲነፍስ አደረገ። ከዚያም ሙቀትን ከምድር ውስጥ የሚቀዳ መሣሪያ ሠራ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማራገቢያዋን እዩልኝ። ሙቀት ተቀድቶ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ወዳለበት የሚያደርሰው ያስፈልጋል።

ደወሉና የጽዳት ሠራተኛው

አሁን ወደ ትእዛዙ እንመለስ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዋረን ጆንሰን የተባለ መምህር በዊስኮንሲን ግዛት፣ በኋይትዋተር ከተማ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ያስተምር ነበር። የተቋሙ ማሞቂያ ምድር ቤት ነበር። ሙቀቱን ለማስተካከል ሠራተኛው በየክፍሉ እየገባ የሙቀት መለኪያውን ማንበብ፣ ከዚያም ወደ ምድር ቤት ወርዶ መዝጊያዎቹን መክፈትና መዝጋት ነበረበት። ጆንሰን ትምህርቱ በየሰዓቱ መቋረጡ አላስደሰተውም። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ ሲለወጥ በምድር ቤት ደወል የሚያስደውል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠራ፤ በ1883ም የፈጠራ መብቱን አገኘ።

በዚህ ደረጃ ላይ የሆነውን በጥንቃቄ እንመልከት። ማየት ከሰው ተነጥሎ ለመሣሪያ ተሰጠ። መወሰንና መሥራት ግን አሁንም በሰው እጅ ነበሩ። ከዚያም በላይ መሣሪያው ይናገር ነበር፤ ደወሉ ሲጮህ ሠራተኛው ከየት እንደ ተጠራና ለምን እንደ ተጠራ ያውቃል።

ሁለተኛው እርምጃ ብዙም አልዘገየም። በ1885 በሚኒያፖሊስ ከተማ አልበርት በትስ የተባለ ሰው ቴርሞስታቱን ከከሰል ምድጃው የአየር መዝጊያ ጋር አገናኘው። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር መዝጊያውን ታነሣለች፤ አየር ይገባል፤ እሳቱ ይነድዳል። ክፍሉ ሲሞቅ መዝጊያው ይወርዳል። ለዚህ ሥራ ያቋቋመው ድርጅት ከብዙ ስም ለውጥና ውሕደት በኋላ የሃኒዌል ኩባንያ አካል ሆነ። በዚህ እርምጃ በምድር ቤት ያለው ሰው ተነሣ። ሰውየው ሲነሣ ግን ደወሉም አብሮ ተነሣ፤ የሚሰማው ስለሌለ።

ሦስተኛዋ ዕቃ ከሁለቱም ትቀድማለች፤ ሪሌይ ትባላለች። ሪሌይ ትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይልን የሚያዝባት ማብሪያና ማጥፊያ ናት። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ በ1835 ገደማ ያሰባት ሲሆን፣ የቴሌግራፍ መልእክት በረዥም ሽቦ ላይ ሲደክም ለማደስ ጠቅማለች። በቤት ማሞቂያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥቅም ሰጠች። ሰው የሚነካው ቴርሞስታት አደገኛ ኃይል እንዳይደርሰው በአሜሪካ ቤቶች 24 ቮልት ብቻ በቀጭን ሽቦ ይላክለታል። ያች ትንሽ ኃይል በሪሌይዋ ውስጥ ያለውን ማግኔት ትቀሰቅሳለች፤ ማግኔቱ ሁለት ብረቶችን ያገናኛል፤ በእነርሱም በኩል ለሞተሩ የሚበቃው ትልቅ ኃይል ያልፋል። የእህቴን ቤት ያስጨነቀችው ይህች ዕቃ ነበረች። ብረቶቹ በተገናኙና በተለያዩ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ ይፈጠራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ብልጭታው ብረቶቹን እርስ በርስ ሊያጣብቃቸው ይችላል። ያን ጊዜ ትእዛዙ ቢቆምም በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ሞተሩም የታዘዘ መስሎት ይሠራል።

ጥያቄው ለምን በአሜሪካ በረታ?

ሙቅ ውሃ በራዲያተር ወይም በወለል ሥር በሚዞርበት የአውሮፓ ቤት የእህቴ ጥያቄ በዚህ መልኩ ላይነሣ ይችል ነበር። በዚያ የሙቀት ፓምፑ ውሃውን ያሞቃል፤ ሙቀቱም ያለ ነፋስ ለክፍሉ ይዳረሳል። ማራገቢያው ያለው በውጭ ነው። በአሜሪካ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአየር ማቀዝቀዣ በቤቶች ሲስፋፋ በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ የአየር መተላለፊያ ሣጥኖች ተዘረጉ። ቀዝቃዛ አየር ያለ ማራገቢያ አይሄድምና ማራገቢያው የቤቱ ማእከል ሆነ። ከዚያም የፈሳሹን አቅጣጫ የሚገለብጥ ቫልቭ ሲጨመር ያው ማቀዝቀዣ በብርድ ጊዜ ማሞቂያ ሆነ። የሙቀት ፓምፕ በ1950ዎቹ ገበያ ላይ የወጣው በአብዛኛው በዚህ መልክ ነው።

መጀመሪያ ላይ ብልሽቱ ስለበዛ በ1960ዎቹ ስሙ ክፉኛ ጠፋ። ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ ግን ሰው እንደገና ፈለገው። ዛሬ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ሲከራዩ ወይም ሲገዙ ይህን መሣሪያ ከነታሪኩ ይረከባሉ። በልጅነታቸው ያላዩት መሣሪያ በመሆኑ ሲነፍስ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ ለመለየት ይቸገራሉ። እኔን ወደዚህ ጥናት የገፋኝም ይኸው ችግር ነው።

የትእዛዙን መንገድ መከተል

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉ አባቶቻችን። የማይቆም ማራገቢያን መመርመር ማለት ትእዛዙ ከሰው ወደ ሞተር የሄደበትን መንገድ ጣቢያ በጣቢያ መከተል ማለት ነው። ጉዞው ለሰው እጅ ከሚቀርበውና ምንም ከማያስከፍለው ይጀምራል።

የመጀመሪያው ጣቢያ የሰው እጅ ነው። በአሜሪካ ቴርሞስታት ላይ ማራገቢያውን የሚመለከት ለብቻው የቆመ ምርጫ አለ። “ኦን” ላይ ከሆነ ሙቀት ቢያስፈልግም ባያስፈልግም ይነፍሳል፤ “አውቶ” ላይ ከሆነ ከማሞቂያው ጋር ብቻ ይነሣል፤ ይተኛልም። በአዳዲሶቹ ላይ አየሩን በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃዎች የሚያዘዋውር ሦስተኛ ምርጫ ይገኛል። ሲወለውሉ ወይም ልጅ ሲነካው ምርጫው ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ምስጢሩ በዚሁ ያበቃል።

ሁለተኛው ጣቢያ ጊዜ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከቆመ በኋላ ማራገቢያው ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ መቀጠሉ በቱቦው ላይ የቀረውን ሙቀት እንዳይባክን ለመሰብሰብ ነው፤ ሥርዓት እንጂ ብልሽት አይደለም። ብርዱ ሲበረታም የሙቀት ፓምፕ ለረዥም ሰዓት ሳያቋርጥ ሊሠራ ይችላል። የሚነፍሰው አየር በጋዝ ምድጃ እንደሚሞቀው 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ አይደርስም፤ ብዙ ጊዜ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ከቆዳችን ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ እጁን የዘረጋበት ሰው “ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል” ብሎ ያማርራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቤቱ የተፈለገውን ሙቀት ካገኘና ኮምፕሬሰሩ ከቆመ በኋላም ማራገቢያው ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው።

ሦስተኛው ጣቢያ ሽቦው ነው። በአሜሪካ ልማድ የማራገቢያው ትእዛዝ የሚሄደው “ጂ” በተባለው መያዣ በኩል ነው፤ ሽቦውም ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። ባለሙያ መጀመሪያ ኃይሉን ከብሬከሩ ላይ ያጠፋል፤ ከቴርሞስታቱ ይህን ሽቦ ብቻ ይፈታል፤ ከዚያ ኃይሉን ይመልሳል። ማራገቢያው ጸጥ ካለ አዛዡ ቴርሞስታቱ ነበር። ከቀጠለ ደግሞ በዚያው ጥንቃቄ የሽቦውን ሌላ ጫፍ በመሣሪያው ዘንድ ይፈታል። አሁን ከቆመ በግድግዳው ውስጥ የተላጠ ሽቦ ከሌላው ጋር ተነካክቶ የሐሰት ትእዛዝ ይልክ ነበር ማለት ነው። አሁንም ከቀጠለ ጥፋቱ በሪሌይዋ ወይም በቦርዱ ላይ ነው። በሁለት ሽቦ መፍታት ብቻ አገሩ በሦስት ተከፈለ። የእህቴ የመጀመሪያ ባለሙያ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ሞተሩ ባልተለወጠ ነበር።

አራተኛው ጣቢያ ሪሌይዋ ናት፤ ነገሯን ተናግሬያለሁ። መታ መታ ሲያደርጓት የተጣበቀው ብረት ሊላቀቅና ማራገቢያው ሊቆም ይችላል። ይህ ግን ምርመራ እንጂ ፈውስ አይደለም፤ ነገ ተመልሳ ትጣበቃለች።

አምስተኛው ጣቢያ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለብርቱ ብርድ የሚሆን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ በውስጣቸው አላቸው። ይህን ማሞቂያ በየተራ የሚያበራው መቆጣጠሪያ ከተጣበቀ ማሞቂያውም ማራገቢያውም አብረው ይቀጥላሉ። በዚህ ጊዜ ነፋሱ የሚግለውን ሽቦ እያቀዘቀዘ ቤቱን ይጠብቃል። ማራገቢያውን ብቻ ነጥሎ ማስቆም አደጋ ነው፤ መጥፋት ያለበት መሣሪያው በሙሉ፣ ከብሬከሩ ላይ ነው።

በውጭ ያለው ማራገቢያም የራሱ ታሪክ አለው። እርሱን ከኮምፕሬሰሩ ጋር የሚያስነሣው ኮንታክተር የሚባለው ትልቅ የሪሌይ ዓይነት ነው። ብረቱ ከተጣበቀ ቴርሞስታቱ ቢያቆምም ሁለቱም ይቀጥላሉ። በሌላ በኩል መሣሪያው በውጭው ቱቦ ላይ የተጋገረውን በረዶ በሚያቀልጥበት ጊዜ የውጭው ማራገቢያ መቆም አለበት፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ይሠራል። ያኔ መቆሙን አይቶ “ተበላሸ” የሚል ሰው ተሳስቷል። ያንዱ ጤንነት የሌላው ሕመም ሊመስል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ላክል። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ 240 ቮልት አለ፤ ካፓሲተር የሚባለውም ዕቃ ኃይሉ ከጠፋ በኋላ ክፍያውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ምርጫውን ማየት፣ ጊዜውን መቁጠርና ብሬከሩን ማጥፋት የባለቤቱ ድርሻ ነው። ክዳኑን መክፈት የባለሙያ ነው።

ከኪጋሊ የመጣ ትእዛዝ

የመጨረሻው አዛዥ ገና አዲስ ነው፤ ለእኛም ቅርብ ነው። በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ሽፋን የሚጎዱ ማቀዝቀዣዎችን ከሥራ ሲያስወጣ በምትካቸው የገቡት ኦዞንን አልጎዱም፤ ከባቢ አየርን ግን እጅግ ያሞቁ ነበር። በአሜሪካ ቤቶች ለዓመታት የነገሠው አር-410ኤ የተባለው ፈሳሽ በክብደት ሲነጻጸር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ በላይ የማሞቅ ኃይል አለው። በጥቅምት 2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ የተሰበሰቡ አገሮች እነዚህንም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ተስማሙ። አሜሪካ በ2020 ሕግ አወጣች፤ በ2022 ስምምነቱን አጸደቀች፤ ከ2025 ጀምሮም አዳዲስ የቤት መሣሪያዎች ወደ ሌሎች ፈሳሾች ተሸጋገሩ።

አዲሶቹ ፈሳሾች ከባቢ አየርን የሚያሞቁት በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ነገር ግን በመጠኑ ተቀጣጣይ ናቸው። ስለዚህ በብዙዎቹ አዳዲስ መሣሪያዎች ውስጥ የፈሳሽ መፍሰስን የሚያሸት መሣሪያ ተጨመረ። እርሱም መፍሰስ ሲሰማው ጋዙ በአንድ ቦታ እንዳይጠራቀም ማራገቢያው እንዲነፍስ ያዛል። ስለዚህ በአዲስ ቤት ውስጥ የማይቆም ማራገቢያ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሊሆን ይችላል። በኪጋሊ የተደረገ ውሳኔ በቨርጂኒያ ጓዳ ውስጥ ያለውን ማራገቢያ ያዝዛል ማለት ነው። የሰውየው ጣት፣ የጆንሰን ቴርሞስታት፣ የሄንሪ ሪሌይ፣ አሁን ደግሞ የዓለም አቀፍ ስምምነት፤ ሁሉም በአንዲት ሞተር ላይ ያዝዛሉ። ባለቤቱ ግን የሚሰማው አንድ ዓይነት ነፋስ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። በአሮጌ ዓይነት መሣሪያ 500 ዋት ያህል የሚወስድ ማራገቢያ ሳያቋርጥ ቢሠራ በቀን 12፣ በ30 ቀን 360 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሙቀቱ ወራትም ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ማራገቢያው ከቀጠለ በቱቦው ላይ የተጠራቀመውን ጠል መልሶ ወደ ቤቱ ይነፋዋል፤ ቤቱም ይረጥባል። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በእህቴ ቤት የተቀጣው የመጨረሻው ታዛዥ ነበር። ሞተሩ ይታያል፤ ይሰማል፤ ስለዚህ ተወቀሰ፤ ተነቀለም። ያዘዘችው ዕቃ ትንሽ ናት፤ ድምፅ የላትም፤ ስለዚህ ማንም አላያትም። በታሪክ ምርምርም የምንሠራው ስሕተት ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፤ ድርጊቱን የፈጸመውን እንይዝና ትእዛዙ የመጣበትን መንገድ ሳንመረምር ፍርድ እንሰጣለን።

በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ የምህንድስና ተማሪዎች ነገ ለአገራችን ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ፋብሪካዎች ራሱን በራሱ የሚያዝ መሣሪያ ትነድፋላችሁ። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብትወስዱ ደስ ይለኛል። የጆንሰን የመጀመሪያ መሣሪያ ደወል ነበረው፤ የሚደውለውም ለሰው ነበር። ሰውየውን ከምድር ቤት ስናነሣ ደወሉን አብረን ማንሣታችን ግን ግዴታ አልነበረም። ዛሬም በብዙ ቦርዶች ላይ በብልጭታ ቁጥር ጥፋቱን የምትናገር ትንሽ መብራት አለች፤ ነገር ግን የተቀመጠችው ባለቤቱ እንዳይከፍተው በሚመከርበት ክዳን ሥር ነው። መሣሪያ ሲሠራ “የምሠራው እገሌ ስላዘዘኝ ነው” ብሎ ለቤቱ ሰው በሚገባ ቋንቋ እንዲናገር ማድረግ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ማስታወስ ነው።

እህቴ አሁን ባለሙያ ስትጠራ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አላት። “ምን ሊቀየር ነው?” አትልም፤ “ማን እንዳዘዘው አረጋገጥህ?” ትላለች። ባለፈው ጊዜ የመጣው ወጣት ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት ጥቂት ዝም አለ አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ቴርሞስታቱ ሄዶ አረንጓዴውን ሽቦ መፈለግ ጀመረ።